ወንድሜን ከፊት ወደ ኋላ ያቆመችው ወረቀት

ወንድሜን ከፊት አንሥቼ ኋላ ያቆምኩት ለእሱ ብዬ ነው ወይስ ለራሴ? ከሠላሳ ዓመት በላይ ይህን ጥያቄ ይዤ ኖሬያለሁ። በሰው ደብተር ላይ ስሕተት አታልፍም ይሉኛል፤ እውነት ነው፣ አላልፍም። በዚህች በራሴ ጥያቄ አጠገብ ግን የእርማት ምልክት ማድረግ እስከ ዛሬ አልቻልኩም። ነገሩን እንደሆነው ላውጋችሁና እናንተ ፍረዱ።

ያኔ አዳማ ማለት ባቡር ጣቢያው፣ ከጣቢያው ፊት ለፊት የተኮለኮሉት ጥቂት የቆርቆሮ ሱቆች፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ግራርና አቧራ ነበር። ጣልያን ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። አባታችን ከቡልጋ ወርዶ እዚህ የሰፈረ የጨው ነጋዴ ነበር። እናታችን ስትሞት እኔ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ የቤቱ ቁልፍ ያን ቀን ወገቤ ላይ ታሰረ። ይህን በማወጋችሁ ጊዜ ዐሥራ ሰባት ሞልቶኛል፣ ወንድሜ ተሰማ ደግሞ ዐሥራ አምስት።

ጧት ጧት የኔታ ቤታችን እየመጡ ተሰማን ዳዊት ያስደግሙት ነበር። እኔ ከመጋረጃው ወዲያ ምስር እለቅማለሁ። ምስሩ ሦስት ቀን ሙሉ ተለቅሞ የማያልቀው ለምን እንደሆነ የጠየቀኝ ሰው የለም። ፊደሉን በጆሮዬ፣ ንባቡን በስርቆት ያዝኩት። ቀትር ላይ ሁሉም ሲያሸልብ የተሰማን ዳዊት አውጥቼ አነባለሁ፤ በእሱው ቀለምና በእሱው ብዕር በአሮጌ መጠቅለያ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ፤ ከዚያ ምድጃ ውስጥ እከተዋለሁ። ዝምተኛ ስለነበርኩ ምን አስባለሁ ብሎ የሚጠረጥረኝ አልነበረም። ዝም ያለች ሴት ልጅ ለሰው ሁሉ ጨዋ ናት።

ተሰማ በትምህርቱ የጣቢያ ሰፈር መሳቂያ፣ በእግሩ ግን የጣቢያ ሰፈር ተስፋ ነበር። እሱን የሚያህል ሯጭ አልነበረም። ስለዚህ በገና ጨዋታ ሁልጊዜ ፊት ነው የሚሰለፈው፤ ዛሬ የኳስ ሰዎች አጥቂ በሚሉት ቦታ። የጨዋታው መሪ ወርዶፋ ይባላል፤ በጣቢያው ጭነት የሚያወርድ፣ የአባቴን የጨው ጆንያ ሁለት ሁለት አድርጎ የሚሸከም ግዙፍ ሰው ነው። እሱ ነበር ተሰማን ገና በዐሥራ ሦስት ዓመቱ መርጦ ፊት ያሰለፈው። «ይኼ ልጅ ነፋስ ነው» ይል ነበር።

ነፋስ መሆኑስ ነፋስ ነው። ችግሩ ነፋስ ዱላ መያዙ ላይ ነበር። ተሰማ ሩሯን፣ ያችን የእንጨት ኳስ፣ እየነዳ ሄዶ ሄዶ፣ እግሩ ሥር ስትደርስ ዱላውን ሲያነሣ፣ ወይ አፈር ይመታል ወይ ሰው። ባለፈው ገና የመታው የወርዶፋን ቅልጥም ነበር። ወርዶፋ ሦስት ሳምንት ጆንያ የተሸከመው እያነከሰ ነው።

«ምን ሆነህ ነው?» ብዬ ማታ ጠየቅኩት።

«ሩሯ ሁለት ትሆንብኛለች እኮ፣ እትዬ» አለኝ። «አንዷን ስመታ ሌላዋ ትስቅብኛለች።»

እኔ ግን አልሳቅኩም። ይህ ልጅ መርፌ ውስጥ ክር አስገብቶ አያውቅም። ዳዊቱን የሚያነበው እጁን ዘርግቶ፣ ከቻለም ግድግዳው ላይ አስደግፎ ነው፤ የኔታ ስንፍና ነው እያሉ ይኮረኩሙታል። ባቡር ከወለንጪቲ በኩል ሲመጣ ግን ጢሱን ከሁላችን ቀድሞ የሚያየው እሱ ነው። ስንት ፉርጎ እንደጎተተ ሳይቀር ይነግረን ነበር።

ስለዚህ በቀጣዩ ኅዳር ወር፣ ልጆቹ ማታ ማታ ሲለማመዱ፣ ቅንጭቡ አጥር ሥር ሁለት ቆርቆሮ አስቀምጬ ባቄላ መቁጠር ጀመርኩ። ከእግሩ ሥር ያለችውን ሩር ሲመታ አንድ ባቄላ በግራ፤ ከሩቅ የመጣችውን ሲመታ አንድ ባቄላ በቀኝ። ወሩ ሲያልቅ በቀኙ ሃያ ሦስት፣ በግራው ሁለት ነበረ። ነገሩ ተገለጠልኝ፦ ወንድሜ ሩር ነድቶ የሚሄድ ሳይሆን የምትመጣን ሩር ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ነው። ቦታው ፊት ሳይሆን ኋላ ነበር።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ይህን ያወቅኩት በኅዳር መጨረሻ ነው። ለማንም አልተናገርኩም። ደግሞስ ለማን እነግራለሁ? ኋላ የሚቆሙት ወገባቸውን ያመማቸውና ጥርሳቸው የረገፈ ሽማግሎች ናቸው፤ የጨዋታው ወሰን በሆነው የባቡር ሐዲድ ላይ ተቀምጠው ቆሎ እየቆረጠሙ «አይዟችሁ» የሚሉ። ጎረምሳን ኋላ ማቆም ሱሪውን አውልቆ ቀሚስ እንደ ማልበስ ነበር።

ለገና አራት ቀን ሲቀረው አባባ ከገበያ እየሳቀ ገባ።

«ተሰማ! ዘንድሮ ፊታውራሪው ራሳቸው ጨዋታውን ሊያዩ ይመጣሉ አሉ። ጎበዝ ጎበዙን መርጠው ከጥምቀት በኋላ ይዘው ይሄዳሉ። ፊት ሆነህ ዓይናቸው ከገባህ፣ ጠመንጃ ይዘህ ከበቅሏቸው ኋላ ነው የምትሄደው!»

ተሰማ በደስታ ዘለለ። እኔ ምስሩን ደፋሁት። እሱ ከሄደ የኔታ አይመጡም፤ የኔታ ካልመጡ ዳዊቱ ይቀራል፤ ዳዊቱ ከቀረ እኔ ከቁልፌ ጋራ እቀራለሁ። ኋላ ከቆመ ግን ማን ያየዋል?

ወረቀቷን የጻፍኩት በዚያው ሌሊት ሳይሆን በማግሥቱ በጠራራ ፀሐይ ነው። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሁለቱን አቃጠልኩ፤ መስመሩ አልቀናልኝም ነበር። እንዲህ ትላለች፦

«ተሰማ ከፊት አይሁን። ሐዲዱ አጠገብ፣ ከኋላ ይቁም። ከእግሩ ሥር ያለችውን አይመታም፤ ከሩቅ የምትመጣውን ግን አይስትም። ከመቆሙ በፊት አፍንጫውን ይጥረግ።»

የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ለምን እንደጻፍኳት አትጠይቁኝ። ተሰማ ሲፈራ አፍንጫው ይፈሳል፣ ሲፈስ ይጨነቃል፣ ሲጨነቅ ዱላው ይንሸራተታል። እውነትን ከጻፉ አይቀር ሙሉውን ነው ብዬ ነው።

የሰፈሩ ዱላ ሁሉ ዋዜማውን የሚያድረው ለሜዳው በሚቀርበው በጨው መጋዘናችን ነበር። ወረቀቷን ጠቀለልኩ፣ ነፋስ እንዳይወስድብኝ በቀይ ክር ጥብቅ አድርጌ በወርዶፋ ዱላ አንገት ላይ አሰርኩ። ወርዶፋ ማንበብ ባይችልም የሚያነብለት ይፈልጋል ብዬ ነበር ያሰብኩት። የጠቀለልኳትና በቀይ ክር ያሰርኳት ነገር ምን እንደምትመስል አላሰብኩም።

በገና ጧት ጩኸት ሰማሁ።

«ያ ዋቃ! ማን ነው? ማን ነው መድኃኒት ያሰረብኝ?»

ወርዶፋ ዱላውን እንደ እባብ መሬት ጥሎ፣ ከዱላው ዐሥር ክንድ ርቆ ቆሟል። ሌሎቹም የየራሳቸውን ዱላ በጣታቸው ጫፍ ይነካካሉ።

«ላይ ሰፈሮች ናቸው!» አለ አንዱ። «ዓምና ስናሸንፋቸው ታይቶኝ ነበር።»

«ቀይ ክር ደግሞ ለሞት ነው» አለ ሌላው።

«እኔ ያልኩት ለመካንነት ነው።»

«ወርዶፋ እኮ ስድስት ወልዷል!»

«እንግዲህ ሰባተኛ የለም።»

እኔ በመጋዘኑ በር ቆሜያለሁ። «እኔ ነኝ» ብል? የተጻፈ ነገር የሴት ልጅ ነው ብል ማን ያምነኛል? ቢያምኑኝስ አባባ ምን ያደርገኛል? ጨዋታው ሊቀር ነው። ደግነቱ ከቅዳሴ የወጡት የኔታ ጭራቸውን እያወዛወዙ ደረሱ።

«ምንድን ነው ይኼ ሁሉ ግርግር?»

«የኔታ፣ በጸሎት ይፍቱልን!» አሉ ሁሉም።

የኔታ አማተቡ፣ ጎንበስ ብለው ክሩን ፈቱ፣ ወረቀቷን ዘረጉ። አነበቡ። ቅንድባቸው ከፍ አለ። እንደገና አነበቡ።

«ምን ይላል? የምንሞተው መቼ ነው?» አለ ወርዶፋ።

የኔታ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡላቸው። አፍንጫው ላይ ሲደርሱ ሁሉም ወደ ተሰማ ዞረ። ተሰማ ከድንጋጤው የተነሣ አፍንጫው ፈስሶ ነበር።



«መልአክ ነው» አለ ወርዶፋ ቀስ ብሎ።

«የቱ መልአክ ነው ስለ አፍንጫ የሚጽፍ?» አለ አባባ፣ በጩኸቱ ወጥቶ።

«የራስ ጠጉራችንን ቁጥር የሚያውቅ አምላክ የላከው ነዋ! አፍንጫማ አንድ ነው፣ ምን ይከብደዋል?» አለ ወርዶፋ።

«የኔታ፣ እርስዎ አይደሉም የጻፉት?» አለ አባባ።

«እኔ ከጻፍኩ ስሜን አልደብቅም» አሉ የኔታ። ወረቀቷን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱ። «ቀለሙ ግን...» አሉ። ዓይናቸው ከወንዶቹ ትከሻ በላይ አልፎ መጋዘኑ በር ላይ ዐረፈ። እኔ የሌለ ጆንያ መቁጠር ጀመርኩ።

አባባ ግን አልበረደም። «ልጄማ ከሽማግሌ ጋራ ሐዲድ ላይ አይገተርም! ፊታውራሪው እያዩ? ወርዶፋ፣ ፊት አሰልፈው ብያለሁ!»

ወርዶፋ በአዘቦት ቀን አባቴ «ወርዶ» ሲለው ጆንያ ይዞ የሚሮጥ ሰው ነው። ያን ቀን ግን ዱላውን ከመሬት አነሣ፣ ትከሻው ላይ ጣል አደረገ፣ ፈገግም አለ።

«ጌታዬ፣ ዛሬ ገና ነው። ዛሬ ጆንያው እርስዎ ነዎት፤ የት እንደሚቀመጡ የማዝዘው እኔ ነኝ።»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። አባባ ቀላ፣ ጠቆረ፤ ግን ምን ይበል? በዚያ ቀን ጌታ ቢቆጣ ለዓመቱ ሙሉ መዘባበቻ ይሆናል። ተሰማ ብቻ አልሳቀም። ወደ እኔ መጥቶ «እትዬ፣ ጥርስ አለኝ እኮ፤ ሠላሳ ሁለት ሙሉ ጥርስ አለኝ» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ያን ጊዜ ልናገር ነበር። አልተናገርኩም።

የጨዋታው ሕግ ቀላል ነበር። የእኛ ወሰን ሐዲዱ፣ የላይ ሰፈሮች ወሰን የትልቁ ግራር ሥር። ሩሯን በሌላው ወሰን ሁለቴ ቀድሞ ያሻገረ ያሸንፋል። ፊታውራሪው በቅሏቸውን ከዛፍ ጥላ አስጠግተው ተቀመጡ። ሴቶች ሜዳ አንቀርብም፤ እኔ ቅንጭቡ አጥር ጀርባ ነበርኩ፤ ከወንድሜ ጀርባ ሠላሳ እርምጃ ያህል ይሆናል።

ላይ ሰፈሮች ተሰማን ኋላ ሲያዩት ጮቤ ረገጡ። ወዲያው ግጥም አወጡለት፦

«ባቡሩ ቢጠፋ አለለት ዘበኛ፣
ቆሞ የሚጠብቅ ቆሞ የሚተኛ!»

ተሰማ ተናደደና ቦታውን ትቶ ወደ ፊት ሮጠ። ሩሯ እግሩ ሥር መጣች፣ ዱላውን አነሣ፣ አፈር መታ። ላይ ሰፈሮች በባዶው ቦታ ነድተው ሐዲዱን አሻገሯት። አንድ። አባባ ከሩቅ «አላልኳችሁም? የት ነው መልአኩ?» እያለ ሲጮህ ይሰማኛል።

«ተመለስ!» አለው ወርዶፋ። «መልአኩ ያለህ ሐዲዱ አጠገብ ነው። እዚያው ተተከል!»

ተመለሰና ተተከለ። ከዚያ በኋላ ያየሁትን በባቄላ መቁጠር አላስፈለገኝም። ከሩቅ የተላከች ሩር ሁሉ አየር ላይ እያለች አይቷት ይቆያል፣ ሁለት እርምጃ ይራመዳል፣ ጓ! ትመለሳለች። ሽማግሎቹ ቆሏቸውን ረሱ። ከቀትር በኋላ ወርዶፋ በትከሻው ሰው እየገፋ አንድ አስገባ። አንድ ለአንድ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የአዳማ ነፋስ ተነሣ። የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ሜዳውን አንሥቶ ዓይን ውስጥ የሚያስቀምጥ ነፋስ ነው። በዚያው ሰዓት ባቡሩ ከወለንጪቲ በኩል አፏጨ። ላይ ሰፈሮች ሁሉም፣ ለግራሩ ጠባቂ ሳያስቀሩ፣ በአንድ ላይ ወደ ሐዲዱ ጎረፉ። መሪያቸው ሩሯን ከመሬት አንሥቶ በሙሉ ኃይሉ ላካት። አቧራው ውስጥ ገባች። ማንም አላያትም።

ባቡሩ እንደገና አፏጨ። ሽማግሎቹ ከሐዲዱ ላይ ዘለው ሸሹ። «ተሰማ ዞር በል!» አለ ሰዉ ሁሉ። እሱ ከሐዲዱ አምስት እርምጃ ቀደም ብሎ፣ ጀርባውን ለባቡሩ ሰጥቶ፣ ቀና ብሎ አቧራውን ያያል። አልዞረም። አፍንጫው ግን ይፈስ ነበር፤ ከሠላሳ እርምጃ አይቼዋለሁ። ዱላው በእጁ ውስጥ ሲንሸራተት አየሁ።

በሕይወቴ ጮኼ የማላውቀው እኔ፣ አጥሩን ይዤ ጮኽኩ፦

«ጥረግ!»

ባቡሩ ድምፄን ዋጠው፤ እኔ እንኳ አልሰማሁትም። ተሰማ ግን አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ፣ ዱላውን አጥብቆ ያዘ፣ አንድ እርምጃ ወደ ግራ ሄደ፤ አቧራው ውስጥ ጓ የሚል ድምፅ ብቻ ተሰማ።

ሩሯ በጎረፉት ሁሉ ራስ ላይ አልፋ ባዶው ሜዳ ላይ አረፈች። እዚያ አንድ ሰው ብቻ ቆሞ ነበር፤ መሮጥ የማይወደው ወርዶፋ። ዓይኑን አላመነም። ከዚያ ሩሯን እንደ ጥጃ ቀስ እያለ እየነዳ፣ ግራ ቀኝ እጅ እየነሣ፣ ሰላምታ እየሰጠ፣ ከግራሩ ሥር አሻገራት። የእኛዎቹ በግጥም መለሱ፦

«ቆሞ የሚተኛው ዘበኛ ሲነቃ፣
የላይ ሰፈር ጀግና ተበተነ በቃ!»

ጩኸቱ ሲበርድ ፊታውራሪው አባቴን አስጠሩት። እኔ አጥሩ ሥር ጆሮዬን ሰጠሁ።

«ያ ኋላ የቆመው ልጅ የማን ነው?»

«የ... የእኔ ነው፣ ጌታዬ።»

«ፊት የሚሮጥማ ሞልቶኛል። ባቡር ከጀርባው እያፏጨ የማይዞር ግን የለኝም። ከጥምቀት በኋላ ስጠኝ።»

አጥሩ ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ። ሰዉ በደስታ ነው አለ። ወንድሜን ከዓይን ልሰውር ኋላ ብደብቀው፣ ከሜዳው ሁሉ የሚታይ ቦታ ላይ አቁሜው ኖሯል።

ተሰማ ሲሄድ ወርዶፋ ወረቀቷን በቀይ ቆዳ አሰፍቶ አንገቱ ላይ አሰረለት። «መልአክህን አትለይ» አለው።

በማግሥቱ ጧት ምስሬን ይዤ ተቀምጫለሁ። ምስሩ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ተለቅሞ አለቀ። ድንገት የኔታ ገቡና ጭራቸውን ሰቅለው በቦታቸው ተቀመጡ።

«የኔታ፣ ረሱት እንዴ?» አለ አባባ። «ተማሪው ሄዷል እኮ።»

«ዳዊቱ አልሄደም» አሉ የኔታ። «ደግሞስ ልጅህ ከሄደበት ደብዳቤ ሲያስጽፍልህ ማን ሊያነብልህ ነው? ወርዶፋ?»

የኔታ ወደ መጋረጃው ዞሩ።

«አፍንጫሽን ጥረጊና ቅረቢ» አሉኝ።

ሌላ ቃል አልተናገሩም፤ እስኪሞቱም አልጠየቁኝም። እንዲህ ሆኜ በዐሥራ ሰባት ዓመቴ ተማሪ፣ ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ በዚሁ ከተማ አስተማሪ ሆንኩ። አንባቢዎቼ፣ ከዚያን ወዲህ ተማሪ ሰነፈ ሲሉኝ መጀመሪያ የማየው መጽሐፉን ከዓይኑ ምን ያህል አርቆ እንደሚይዘው ነው። የመጨረሻ ወንበር ላይ አስቀምጬ ያዳንኩት ልጅ አለ። ሰው ቦታውን ሲያጣ የሚሰንፍ መሆኑን የተማርኩት ከወንድሜ ነው። ግን ከዚህ ሁሉ በታች ያች ጥያቄ አለች፦ ባቄላው በኅዳር መጨረሻ ተናግሮ ነበር። እኔ የጻፍኩት ፊታውራሪው እንደሚመጡ የሰማሁ ጊዜ ነው። ፊታውራሪው ባይመጡ ኖሮ እጽፍ ነበር?

ተሰማ ያን ቀይ ቆዳ አስሮ ዘመተ፣ አስሮ ቆሰለ፣ አስሮ ተመለሰ። «መልአኬ» ሲል በሰማሁ ቁጥር ዝም አልኩ። ይህን ከአንገቱ ላይ በምን አፌ ልፍታው?

ባለፈው ዓመት ከገና በፊት ቤቴ መጣ። ጠጉሩ ሸብቷል፤ ሐኪም ያዘዘለትን መነጽር ባፍንጫው ጫፍ አድርጓል። ቆዳው ስፌቱ ተተርትሮ ወረቀቷ ብቅ ብላለች።

«ስፊልኝ፣ እትዬ» አለ። ከዚያ ወረቀቷን ሳብ አድርጎ፣ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከዓይኑ አስጠግቶ አነበባት። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። አፍንጫው ላይ ሲደርስ ሳቀ።

ያን ጊዜ ተናገርኩ።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

«አውቃለሁ» አለ፣ ዓይኑን ከወረቀቷ ሳያነሣ። «አጥሩ ጀርባ ‹ጥረግ› ብለሽ ጮኽሽ እኮ። ባቡር የሚያህል ድምፅ እንዳለሽ ያን ቀን ነው ያወቅኩት።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን መልአኬ እያልክ...»

«ታዲያ ማን ልበል?»

ከዚያ ሁለተኛውንና ከባዱን ነገርኩት፦ የባቄላውን፣ የኅዳርን፣ የፊታውራሪውን፣ የዳዊቱን። ለእሱ ይሁን ለራሴ አለማወቄን ጨምሬ። መነጽሩን አውልቆ ረጅም ጊዜ በጨርቅ ጠረገው። ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅኩ።

«ባቄላው ስንት ነበር?» አለኝ በመጨረሻ።

«ከሩቅ ሃያ ሦስት። ከእግርህ ሥር ሁለት።»

«ሁለት ብቻ?» ተቀየመ፤ የምር ተቀየመ። «የወርዶፋን ቅልጥም አልቆጠርሽም?»

«አልቆጠርኩም። ባቄላው የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ቢሆንም ቅልጥም ሩር አይደለም።»

መነጽሩን አቀበለኝ፤ መርፌው ውስጥ ክር እንዳስገባበት።